ፍሬት የማይነካው ጊታር ለምን ዝዝ ይላል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ክራር ስጫወት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አሁን የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ባለ ስድስት ክር ላፕ ስቲል ጊታር ገዛሁ። ጭን ላይ አጋድመው፣ ክሮቹን በጣት በመጫን ፈንታ የብረት ዘንግ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ዓይነት ነው። ትዝታ ልጫወትበት አስቤ ሲ ሲክስ በሚሉት ቅኝት፣ ማለትም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ አድርጌ ቃኘሁት። ክሮቹ በየሙዚቃ መደብሩ የሚገኙት የተለመዱ የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ናቸው፤ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 57 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ችግሩ (ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምሬ ስቆጥር) 4ኛው ክር ዘንግ ሳይነካው ስመታው እንደ ንብ ዝዝ ይላል፤ ዘንጉ ሲያርፍበት ግን ይጠራል። 2ኛው ክር በተቃራኒው ሳይነካ ጥሩ ሆኖ፣ ዘንጉ ሲያርፍበት ዝዝ ይላል። የወሰድሁበት ጥገና ቤት ፍሬቶቹ (በተራ ጊታር አንገት ላይ በአግድም የሚተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) መሞረድ፣ አንገቱም መቃናት አለበት ብሎ ከመሣሪያው ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክፈል ወይስ ይቅር? 
የክር መሣሪያ ወዳጅ

መልስ፦ ይቅር። የላፕ ስቲል ጊታር የሚሞረድ ፍሬት የለውም። በአንገቱ ላይ የሚያዩአቸው መስመሮች ዘንጉ የት ማረፍ እንዳለበት ለዓይን የሚያመለክቱ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ ክሮቹ ከእነዚያ መስመሮች በላይ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብለው ስለሚያልፉ፣ በተለመደው ጊታር ላይ ዋናው የዝዝታ ምክንያት የሆነው የክርና የፍሬት መነካካት እዚህ ፈጽሞ አይደርስም። ጠጋኙን በክፋት አልጠረጥረውም፤ በየቀኑ የሚያያቸው ጊታሮች ሕመም ያ በመሆኑ፣ የለመደውን መድኃኒት ለማያውቀው በሽተኛ አዘዘ።

መሣሪያው የተፈጠረውም ከፍሬት ለመሸሽ ነው ማለት ይቻላል። ይህን አጨዋወት በመጀመር ስሙ የሚነሣው በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት የተወለደው ጆሴፍ ኬኩኩ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1889 አካባቢ ነው። ብረት በክሮች ላይ ማንሸራተት እንደተጀመረ ወዲያው የተገኘው እንቅፋት ብረቱ ከፍሬቶቹ ጋር እየተጋጨ ድምፁን ማበላሸቱ ነበር፤ መፍትሔው ደግሞ ክሮቹን ከአንገቱ ላይ ከፍ አድርጎ ማንሣት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበውና ቅርጹ መጥበሻ ስለሚመስል በዚሁ ስም የሚጠራው የሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታርም ላፕ ስቲል እንደነበረ ብዙ ሰው ይዘነጋል።

ታዲያ ፍሬት ከሌለ ዝዝ የሚለው ምንድን ነው? ለክራር ተጫዋች ከበገና የቀረበ ማስረጃ ማምጣት አልችልም። በገና ያንን እየተንዘረዘረ የሚቆይ ድምፁን የሚያገኘው፣ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚደገፉበት በበርኩማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየገፋ፣ አውታሩ ሲርገበገብ የበርኩማውን ሰፊ ገጽ ለጥቂት ነካ፣ ለጥቂት ለቀቅ የሚያደርግበትን ነጥብ ይፈልጋል። እንዚራዋ ከዚያች ነጥብ ዝንፍ ስትል አውታሩ ወይ ይደነቁራል ወይ ድምፁ ባዶ ይሆናል። የህንዱ ሲታርም ብሪጁ፣ ማለትም እንደ በርኩማው ክሮቹ የሚደገፉበት ክፍል፣ ሰፊና ለጥ ያለ በመሆኑ በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። እንግዲህ ዝዝታ ማለት፣ ሲርገበገብ አንድን ነገር በከፊል ብቻ የሚነካ ክር ድምፅ ነው፤ አጥብቆ ቢነካ ይታፈናል፣ ፈጽሞ ባይነካ ይጠራል። በገና ላይ ሆነ ተብሎ የሚፈለገው ይህ ነገር በእርስዎ ጊታር ላይ ሳይታሰብ ተፈጥሯል። ሥራችን ያንን በከፊል የሚነካ ቦታ መፈለግ ነው።

ቦታውን ደግሞ ሳያውቁት ራስዎ ነግረውኛል። አንድ ክር የሚርገበገበው በሁለት ጫፎች መካከል ነው። ዘንግ ሳይነካው ሲመታ አንደኛው ጫፍ ብሪጁ፣ ሁለተኛው ከመቃኛ ቁልፎቹ በታች ያለው፣ የጊታር ሰዎች ነት የሚሉት መደገፊያ ነው። ዘንጉ ሲያርፍ ነቱ ከጨዋታው ይወጣና ዘንጉ ይተካዋል፤ ብሪጁ ግን በሁለቱም ጊዜ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ዘንግ ሳይነካው ብቻ ዝዝ የሚለው 4ኛው ክርዎ ሕመሙ ከነቱ ነው፤ ዘንግ ሲያርፍበት ብቻ ዝዝ የሚለው 2ኛው ክር ሕመሙ ከዘንጉ፣ ከክሩ ከፍታ ወይም ከእጅዎ ነው። በሁለቱም ጊዜ ዝዝ የሚል ክር ቢኖርዎ ብሪጁን እንጠረጥር ነበር። ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸውና አንድ መድኃኒት አይፈልጉላቸው።

ከ4ኛው ክር እንጀምር። ክሩን አላልተው ከነቱ ላይ ያንሡትና ያረፈበትን ቦይ በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። ጤነኛ ቦይ ክሩን የሚያስለቅቀው ወደ ብሪጁ በሚያየው ጠርዙ ላይ ነው፤ ከዚያ ጠርዝ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ እያዘቀዘቀ መውረድ አለበት። ቦዩ ለጥ ያለ ከሆነ፣ ወይም ከዚያ ብሶ ከፍተኛው ነጥቡ ከኋላ ከሆነ፣ ክሩ ከፊት በኩል የቦዩን ወለል በከፊል እየነካ ይርገበገባል፤ ይህም የበርኩማውን ሥራ ሳይጠሩት የሚሠራ ነት ማለት ነው። በአሮጌ መሣሪያዎች ላይ ሌላም የሚደርስ ነገር አለ፦ ቦዩ በዘመናት ብዛት ሰፍቶ ክሩ ወደ ጎን እየተወዛወዘ ግድግዳውን ይመታል። ከመሞረድዎ በፊት አንድ ፍተሻ ያድርጉ። ከክሩ ሥር፣ በቦዩ ውስጥ፣ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስገብተው ክሩን መልሰው ይቃኙ። ዝዝታው ከጠፋ ወይም በግልጽ ከተለወጠ ጥፋተኛው ተይዟል።

ቦዩ ለጥ ብሎ ከሆነ፣ በክሩ ውፍረት ልክ በሆነ ቀጭን ሞረድ የኋላውን ክፍል ብቻ፣ ወደ መቃኛው አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየሞረዱ በየመሐሉ ይሞክሩ። የፊተኛውን ጠርዝ አይንኩት፤ እሱ ከወረደ ክሩም አብሮ ይወርዳል፣ ያኔ ደግሞ ቀጥሎ የምናገረው የከፍታ ችግር በ4ኛውም ላይ ይመጣብዎታል። ቦዩ ሰፍቶ ከሆነና ነቱ ከአጥንት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ፣ ቦዩን በአጥንት ዱቄትና በፈጣን ማጣበቂያ ሞልቶ እንደገና መቅደድ ይቻላል፤ ነቱ ብረት ከሆነ ግን በአዲስ መተካቱ ይሻላል። የቦዩ ጥልቀት የክሩን ውፍረት ግማሽ ያህል ቢይዝ ይበቃል። ጥልቅ ቦይ ክርን ያጸናል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ይልቁንም ክሩን በግድግዳዎቹ መካከል ያፍነዋል።

ወደ 2ኛው ክር ስንሻገር ከተለመደው ጊታር ፈጽሞ የሚለይ ሕግ እናገኛለን። ዘንግዎ ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ የሚያርፈውም በክሮቹ አናት ላይ ነው። ስለዚህ የስድስቱም ክሮች አናት በአንድ ደረጃ፣ እንደ ጠረጴዛ ገጽ እኩል መሆን አለበት። ክሮቹ ግን በውፍረት ይለያያሉ፤ ሁሉም ቦዮች ወለላቸው እኩል ሆኖ ቢቀደዱ ወፍራሞቹ ክሮች ከፍ፣ ቀጫጭኖቹ ዝቅ ብለው ይቀራሉ። በመሆኑም የወፍራሙ ክር ቦይ ጠለቅ፣ የቀጭኑ ቀለል ብሎ መቀደድ ይኖርበታል። 2ኛው ክርዎ ከ1ኛውና ከ3ኛው በጥቂቱ እንኳ ዝቅ ብሎ ከሆነ ዘንጉ በሁለቱ ጎረቤቶቹ ላይ እንደ ድልድይ ይንጠለጠልና 2ኛውን ለጥቂት ብቻ ይነካዋል፤ ዝዝታው እዚያ ላይ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዘንጉን በነቱ አጠገብ ሳይጫኑ ያሳርፉት፣ ከበስተኋላ የእጅ ባትሪ አብርተው ዓይንዎን በክሮቹ ደረጃ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። በዘንጉና በ2ኛው ክር መካከል ብርሃን ካሾለከ ክሩ ዝቅ ብሏል። ያንኑ በብሪጁ አጠገብም ይድገሙት፤ ክሩ ከአንደኛው ጫፍ ብቻ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላልና። ለጊዜው የወረቀት ቁራጭ ከክሩ ሥር በማስገባት ማስታገስ ይቻላል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ነቱን በትክክል አስቀድዶ መተካት ነው።

ክሩን ከመንካትዎ በፊት ግን ዘንጉ ራሱ ይመርመር። በንጹሕ መስተዋት ላይ አንከባልሉት፤ የሚንገጫገጭ ወይም በመሐሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ቀጥ አይደለም። ጥፍርዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሂዱበት፤ ጥፍርዎ የሚያገኘውን ጭረት ክሩም ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የክሮቹ ምርጫ ነው፤ ምናልባትም የችግርዎ ግማሽ እዚያ ይሆናል። በመደብሩ የሚሸጠው የተለመደ ስብስብ የተዘጋጀው 65 ሳንቲሜትር ያህል ለሚረዝም ክርና ለሌላ፣ ለተለመደው የጊታር ቅኝት (ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ) ነው። የክር ውጥረት በርዝመቱ ካሬ ልክ ስለሚለዋወጥ፣ ያው ክር በያው ድምፅ ተቃኝቶ 57 ሳንቲሜትር ላይ ሲወጠር ውጥረቱ 23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ 1ኛው ክር በሁለቱም ቅኝቶች ኢ ነው፤ 0.010 ኢንች ከሆነ በእርስዎ መሣሪያ ላይ ልል ነው ማለት ነው። 2ኛውም ከቢ ወደ ሲ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ስለሚል ልልነቱ አይካካስም። ልል ክር በዘንጉ ክብደት ሥር ይረግባል፣ ሲርገበገብም ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ከዚያ ዝዝታ ቢመጣ አይደንቅም። 6ኛው ክር ደግሞ በተቃራኒው ከኢ ወደ ላይኛው ሲ፣ ስምንት ግማሽ ድምፆች ያህል ስለሚወጣ፣ ርዝመቱ አጥሮም ቢሆን ውጥረቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ እስካሁን አለመበጠሱ የእርስዎ ዕድል ነው። ለሲ ሲክስ ተብለው የተዘጋጁ የላፕ ስቲል ክሮችን ይግዙ፤ 1ኛው 0.015፣ 2ኛው 0.018፣ 6ኛው 0.036 ኢንች አካባቢ ቢሆኑ ይስማማሉ። ይህን ከማንኛውም ሞረድ በፊት ያድርጉ፤ አዲሶቹ ክሮች በውፍረት ስለሚለያዩ ለአሮጌዎቹ የተስተካከለ ነት ዳግመኛ መስተካከሉ አይቀርምና።

የመጨረሻው ተጠርጣሪ እጅዎ ነው። ዘንጉ ከክሮቹ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ፣ በክብደቱ ላይ የእጅዎ ጥቂት ጫና ተጨምሮበት ማረፍ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዘንጉ በስተኋላ፣ በዘንጉና በነቱ መካከል ያለው የክር ክፍልም እንደሚርገበገብ አይዘንጉ። የቀለበት ጣትዎንና ትንሿን ጣትዎን ከዘንጉ ኋላ በክሮቹ ላይ ለስለስ አድርገው ያሳርፏቸው፤ ያ የኋላ ድምፅ ወዲያው ዝም ይላል።

ስለ ትዝታ አንድ ነገር ልጨምር። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ከተባሉ፣ የእርስዎ ቅኝት ከዲ በስተቀር አራቱን ዘንግ ሳይነካቸው ይዟቸዋል። ምርጫዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዲን ለማግኘት በሲ ክር ላይ ዘንጉን 2ኛው ምልክት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ወዲያው ማንሣት ይኖርብዎታል። ብረት በሚርገበገብ ክር ላይ ሲያርፍም ሲነሣም ለቅጽበት በከፊል የመንካት ሁኔታ ይፈጠራል፣ ስለዚህ በዜማው መሐል አጭር ዝዝታ ይሰማል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም። ዘንጉን ከማሳረፍዎና ከማንሣትዎ በፊት ክሩን በቀኝ መዳፍዎ ጠርዝ ዝም ያሰኙት፤ ቀጥሎም ዘንጉ ካረፈ በኋላ ብቻ ይምቱት። ክራር ላይ የማይፈለጉትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች አፍኖ መምታት ለለመደ ሰው ይህ ትምህርት ሩቅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ላፕ ስቲል ለመግዛት አቅም ስላጣሁ፣ የብረት ክር ባለው ተራ አኩስቲክ ጊታር ነት ላይ የብረት ከፍታ መጨመሪያ ገጥሜ ክሮቹን ከፍ አደረግሁ። በዘንግ ፈንታ ከመካኒክ ወንድሜ ያገኘሁትን ረዥም ቡሶላ (ብሎን የሚፈታበትን ክብ ብረት) እጠቀማለሁ። መካከለኞቹ ክሮች ደህና ናቸው፤ 1ኛውና 6ኛው ግን፣ በተለይ ወደ ብሪጁ ስጠጋ፣ ይንጫጫሉ። 
ጀማሪው

መልስ፦ ከፍታ መጨመሪያው በነቱ በኩል ክሮቹን ደልድሏቸዋል፤ ብሪጁ ግን የድሮው ነው። የተለመደ የአኩስቲክ ጊታር የአንገቱ ገጽ ከጎን ወደ ጎን በጥቂቱ የጎበጠ ስለሆነ፣ በብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ዘንግም ያንኑ ጉብጠት ተከትሎ የተሠራ ነው፤ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል። ቀጥ ያለው ቡሶላ በመካከለኞቹ ክሮች ላይ ይቀመጥና ዳርኞቹ ሁለቱ በከፊል ብቻ ይነኩታል። ወደ ብሪጁ በቀረቡ ቁጥር የሚብሰውም ለዚሁ ነው። ያንን የአጥንት ቁራጭ አውጥተው ያስቀምጡት፤ በምትኩ አናቱ ቀጥ ያለ፣ ቁመቱም ከአሮጌው መሐል ጋር እኩል የሆነ ሌላ ይሠሩለት። የበሬ አጥንት በደንብ ተቀቅሎ፣ ስቡ ወጥቶ፣ ደርቆ ከተሞረደ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም። አሮጌውን አይሞርዱት፤ ጊታሩን አንድ ቀን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስ ቢፈልጉ ያስፈልግዎታል።

ቡሶላው ጥሩ ሐሳብ ነው። ይሁንና በብዙ ቡሶላዎች ላይ ቁጥሩ በገጹ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፣ አንዳንዶቹም ለእጅ መያዣ የተሸረከተ ቀለበት አላቸው፤ ክሩ እነዚህን ሲያገኝ ይንጫጫል። ለስላሳውን ወገን ወደ ክሮቹ ያዙሩት፣ ሲጫወቱም በእጅዎ ውስጥ እንዳይሽከረከር ይጠንቀቁ። ቅኝትዎን አልነገሩኝም፤ ነገር ግን ሦስት ክሮችን ወደ ላይ ከሚወጥረው የኤ ቅኝት (ኢ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ) ይልቅ፣ ክሮችን ከሚያላላው የዲ ቅኝት (ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ) ቢጀምሩ ለጊታሩ አንገትና ለብሪጁ ይራራሉ። በዚያ ቅኝት ክሮቹ የላሉ መስለው ከታዩዎ አንድ ደረጃ የሚወፍሩ ክሮች ይግጠሙ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ስመለስ ያመጣሁት ላፕ ስቲል ክሮቹን ሳልነካ እንኳ ከአምፕሊፋየሩ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማበታል፤ ክሮቹን በእጄ ስይዝ ይቀንሳል። ይህም የክር ዝዝታ ነው? 
ከቦሌ

መልስ፦ አይደለም፤ ክር ሳይርገበገብ የሚሰማ ድምፅ ከኤሌክትሪኩ ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ (የክሩን ርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ከመብራት መስመር፣ ከትራንስፎርመርና ከፍሎረሰንት አምፖል የሚመጣውን ሁሉ ይለቅማል፤ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ እምምታው አሜሪካ ካሉት 60 ኸርዝ ጥቂት ወፍሮ ይሰማዎ ይሆናል። መሣሪያውን ይዘው በወንበርዎ ላይ ቀስ ብለው ይዙሩ፤ እምምታው በጣም የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያው ተቀምጠው ይጫወቱ። ክሮቹን ሲይዙ መቀነሱ የክሮቹ የመሬት መስመር መያያዙን ያሳያል። ነገር ግን ሲይዟቸው የመንዘር ስሜት ከተሰማዎ፣ ወይም አምፕሊፋየርዎ ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው አሮጌ መሰኪያ ካለው፣ ነቅለው ወደ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይውሰዱት። የ120 ቮልት አምፕሊፋየርን በመቀነሻ ትራንስፎርመር ከ220 ቮልቱ ጋር እያገናኙት ከሆነም፣ ትራንስፎርመሩን ከጊታሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቀው ያስቀምጡት።